ጦርነትን እምቢ ያሉ ሰዎች ወረቀት ለምን ይጠበቃል?

በ1921 የብሪታንያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለአገሪቱ የአካባቢ አስተዳደሮች አንድ ትእዛዝ አስተላለፈ። ትእዛዙ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ከውትድርና ነፃ አድርጉኝ» የሚሉ ሰዎችን አቤቱታ ሲሰሙ የነበሩት ልዩ ችሎቶች ያከማቿቸው መዝገቦች እንዲወገዱ የሚል ነበር። ከእንግሊዝ የሚድልሴክስ ይግባኝ ችሎት፣ ከስኮትላንድ ደግሞ የሎቲያንና የፒብልስ ችሎት መዝገቦች ብቻ ለናሙና እንዲቀመጡ ተደረገ። በአንዳንድ አካባቢዎች በአጋጣሚ ከተረፉት በስተቀር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች «ሰው መግደል ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም» ብለው ያቀረቡት ማመልከቻና የተሰጣቸው ውሳኔ በዚያው ጠፋ።

በዚህ ምክንያት ያን ጊዜ ጦር አናነሣም ያሉት ሰዎች ምን እንዳሰቡ፣ ምን እንደ ደረሰባቸውና ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሠሩ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ዛሬ በአመዛኙ የሚሄደው ወደ መንግሥት መዝገብ ሳይሆን ወደ ግለሰቦች ደብዳቤ፣ የዕለት ማስታወሻና ፎቶግራፍ ነው። እነዚህ የግል ወረቀቶች በጥቂት ቤተ መዛግብት ተሰብስበው ይገኛሉ። ብዙ ሰው ግን የሰላም ወዳዶች መታሰቢያ እንጂ የታሪክ ማስረጃ አድርጎ አይመለከታቸውም፤ ይህ አመለካከት ትክክል አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የግል ወረቀቶች» የሚባሉት ምንድን ናቸው?

አንድ ሰው በሕይወት ሳለ የጻፈው፣ የተጻፈለት ወይም ያስቀመጠው ነገር ሁሉ የግል ወረቀት ይባላል። ደብዳቤ፣ የኪስ ማስታወሻ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የባቡር ትኬት፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የንግግር ረቂቅ፣ ከጋዜጣ ተቆርጦ የተቀመጠ ዜና፣ ፎቶግራፍና የገንዘብ ደረሰኝ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከመጽሐፍ የሚለያቸው ዋናው ነገር ለሕዝብ ተብለው ያልተዘጋጁ መሆናቸው ነው። ከመንግሥት መዝገብ የሚለዩት ደግሞ ማንም እንዲያስቀምጣቸው ያልታዘዘ በመሆኑ ነው፤ አንዲት እናት የልጇን ደብዳቤዎች ላለመጣል ስለ ወሰነች ብቻ እስከ ዛሬ የቆዩ አሉ።

ጦርነቱን የተቃወሙት እነማን ነበሩ?

ፓሲፊዝም ማለት ጦርነት በማናቸውም ምክንያት ተገቢ ሊሆን አይችልም የሚል እምነት ነው። ሰላምን ከመውደድ ጋር አንድ አይደለም፤ ሰላምን የሚወድ ሰው አገሩ በተወረረች ጊዜ ሊዘምት ይችላል፣ ፓሲፊስት ግን ያን ጊዜም ጠመንጃ አይዝም። በኅሊናው ምክንያት ለውትድርና ሲጠራ እምቢ የሚለውን ሰው በዚህ ጽሑፍ የኅሊና ተቃዋሚ እንለዋለን። ከኅሊና ተቃዋሚዎቹ መካከል ጦርነትን ሁሉ ሳይሆን ያን ጦርነት ብቻ የተቃወሙም ነበሩ።

ብሪታንያ በፈቃደኞች ብቻ ስትዋጋ ቆይታ በጥር 1916 ከ18 እስከ 41 ዓመት ያሉ ያላገቡ ወንዶችን ለግዴታ ውትድርና የሚጠራ ሕግ አወጣች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ያገቡት ተጨመሩ። ሕጉ በኅሊና ምክንያት መቃወምን የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው፤ የእምነቱን እውነተኛነት የሚመረምሩትም መጀመሪያ ላይ የተጠቀሱት ችሎቶች ናቸው። የተቃዋሚዎቹ ቁጥር ለረጅም ጊዜ 16,000 ያህል እንደ ሆነ ሲጻፍ ቆይቷል፤ በቅርብ የተደረገ ጥናት ደግሞ ወደ 20,000 ያደርሰዋል። ከመካከላቸው ኩዌከር የሚባሉት የወዳጆች ማኅበር (ጦርነትን የማይቀበል የክርስትና ወገን) አባላት፣ ሜቶዲስቶች፣ በኋላ የይሖዋ ምሥክሮች የተባሉት የመጽሐፍ ቅዱስ ተማሪዎችና «የእኔ ጠላት የጀርመን ሠራተኛ አይደለም» የሚሉ ሶሻሊስቶች ይገኙ ነበር።

ሁሉም አንድ ዓይነት አቋም አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ መሣሪያ የማይያዝበትን የሠራዊቱን ክፍል ተቀበሉ፤ ሌሎቹ በእርሻ ወይም በአምቡላንስ ለመሥራት ተስማሙ፤ ሦስተኞቹ ደግሞ ጦርነቱን በሚያግዝ ምንም ሥራ አንሳተፍም ብለው ወደ እስር ቤት ሄዱ። ቢያንስ አንድ ጊዜ የታሰሩት 6,000 ያህል ናቸው። በ1916 ጸደይ ከሰሜን እንግሊዝ የሪችመንድ ግንብ 16 ሰዎች፣ ከሌሎች ቦታዎችም ተጨማሪ ተቃዋሚዎች ተይዘው ወደ ፈረንሳይ ግንባር ተወሰዱና ከ30 በላይ የሚሆኑት ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ በሰልፍ ፊት ተነበበላቸው፤ አንባቢው ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ቅጣቱ ወደ 10 ዓመት ከባድ እስራት መለወጡን ነገራቸው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ቢሆን በ1918 በወጣው ሕግ ብዙዎቹ ለአምስት ዓመት የመምረጥ መብታቸውን አጡ።

የጦርነት ተቃውሞና የእርዳታ ሥራ ለምን በአንድ ሣጥን ይገኛሉ?

የእነዚህን ሰዎች ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ከፍርድ ቤት መጥሪያው ቀጥሎ የብርድ ልብስና የወተት ዱቄት ዝርዝር ሲያገኝ ግር ሊለው ይችላል። ምክንያቱ «አንተ አልዋጋም ስትል ሌላው እየሞተልህ ነው፤ ታዲያ አንተ ምን ልትሠራ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ ችሎቱም፣ ጎረቤትም፣ ወንድምም ይጠይቃቸው ነበር። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ መልሱን የሰጡት በሥራ ነው።

ወጣት ኩዌከሮች ጦርነቱ እንደ ጀመረ፣ በ1914፣ የወዳጆች አምቡላንስ ጓድ የተባለውን ድርጅት አቋቁመው ደንከርክ በተባለው የፈረንሳይ ወደብ በኩል ቁስለኞችን ማንሣት ጀመሩ። ነገር ግን ወዲያው አንድ ከባድ ክርክር ተነሣ፤ ቁስለኛን አክሞ ወደ ግንባር መመለስ ጦርነቱን ማገዝ አይደለምን? ኮርደር ካችፑል የተባለው የጓዱ አባል የተጓዘበት መንገድ ይህን ክርክር ከማናቸውም ማብራሪያ ይልቅ ግልጽ ያደርገዋል። ከ1914 ጀምሮ በደንከርክ ቁስለኞችን ሲረዳ ቆየ፤ የግዴታ ውትድርና ሕግ ከወጣ በኋላ በ1916 ከጓዱ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ታሰረ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ ጀርመን ሄዶ በእርዳታ ሥራ ተሰማራ። የዚህን ሰው ደብዳቤዎች «ሕክምና»፣ «እስር» እና «እርዳታ» ብሎ በሦስት ክፍል መበተን የአንድን ሰው አሳብ መቆራረጥ ይሆናል።

በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1917 የተቋቋመው የአሜሪካ ወዳጆች የአገልግሎት ኮሚቴ ከጦርነቱ በኋላ በጀርመን የተራቡ ሕፃናትን መመገብ ጀመረ፤ ሥራው በተስፋፋበት ጊዜ በቀን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ይመገቡ ነበር። ትናንት ጠላት የተባለውን ሕዝብ ልጅ መመገብ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ከኅሊና ተቃዋሚዎች መካከል 36 ወጣቶች በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በፈቃዳቸው ለወራት ተርበዋል። ዓላማው ከጦርነት በኋላ የተራበ ሰው እንዴት ቀስ በቀስ ወደ ጤናው እንደሚመለስ ለማወቅ ነበር። የወጣቶቹ የዕለት ማስታወሻ ሐኪሙ በሚዛን የማያገኘውን ይመዘግባል፤ ስለ ምግብ ከማሰብ በቀር ሌላ ነገር ማሰብ እንዴት እንዳቃታቸው ይናገራል። የወዳጆች የእርዳታ ሥራ በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለእንግሊዝና ለአሜሪካ የወዳጆች ድርጅቶች በጋራ እንዲሰጥ ምክንያት ሆኗል።

ከአንዲት ቁራጭ ወረቀት ምን ያህል ይነበባል?

ወደ ፈረንሳይ ከተወሰዱት ተቃዋሚዎች የአንዱን ነገር እንመልከት። ለወታደሮች ይታደል የነበረው ፖስት ካርድ ዓረፍተ ነገሮች ቀድመው የታተሙበት ነበር፤ «ደህና ነኝ»፣ «ወደ ኋላ ጦር ሰፈር እየተላክሁ ነው»፣ «ደብዳቤ ካገኘሁ ረጅም ጊዜ ሆነኝ» የሚሉ። ላኪው የማይመለከተውን መሰረዝ እንጂ አንድም ቃል መጨመር አይፈቀድለትም፤ ከጨመረ ካርዱ ይወገዳል። ይህ ሰው አልጨመረም። ቃላቱን ብቻ ሳይሆን በቃላቱ ውስጥ ያሉትን ፊደላት እየመረጠ ሰረዘና የቀሩት ፊደላት ሲገጣጠሙ ወደ ቡሎኝ፣ ማለትም ወደ ፈረንሳዩ ወደብ፣ እየተላከ መሆኑን እንዲናገሩ አደረገ። የሳንሱር ሹሙ ካርዱን አሳለፈው፤ ቤተሰቡም ልጃቸው የት እንዳለ አወቁ። የተቃዋሚዎቹ ወዳጆች በለንደን ፖለቲከኞችን መወትወት የቻሉት ሰዎቹ የት እንደ ተወሰዱ በእንዲህ ያለው መንገድ ጭምር ወሬው ስለ ደረሳቸው ነው።

የዚህን ካርድ ጽሑፍ ብቻ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ሰው የካርዱን ትርጉም ያጠፋዋል፤ ምስክርነቱ ያለው በስረዛው ላይ ነውና። በካርዱ ላይ ያለው የእርሳስ ጫና፣ ቀለሙና የፖስታ ማኅተሙ ሁሉ ማስረጃ ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ያሳዝናል። በ1916 በስኮትላንድ ከአበርዲን አጠገብ ዳይስ በተባለ ቦታ ተቃዋሚዎች ድንጋይ የሚፈልጡበት ካምፕ ተከፍቶ ነበር፤ የሚያድሩትም ዝናብ በሚያስገባ ድንኳን ነበር። ዋልተር ሮበርትስ የተባለው ወጣት እዚያ ታመመና በመስከረም ወር ሞተ። ከመሞቱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ለእናቱ ደብዳቤ ላከ፤ እርጥበቱ እንዳሸነፈው ነገራት፤ ብዕር ለመያዝ አቅም ስላነሰው ጓደኛው እየሰማ እንደሚጽፍለትም ገለጸላት። እናትየው ፖስታውን ስትከፍት ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው የልጇ ባልሆነ የእጅ ጽሕፈት ላይ ነው።

በእስር ቤት ደግሞ በመጀመሪያው ጊዜ ደብዳቤ መጻፍም መቀበልም አይፈቀድም ነበር፤ እስረኞች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩም ተከልክለው ነበር። ሆኖም በዊንቸስተር እስር ቤት የነበሩ ተቃዋሚዎች በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በእጅ እየጻፉ የራሳቸውን ጋዜጣ በድብቅ ያዘጋጁ ነበር፤ አንዱ ቅጂ እስከ ዛሬ በለንደን በወዳጆች ማኅበር ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ወረቀቶቹ ዛሬ የት ናቸው?

የለንደኑ የወዳጆች ማኅበር ቤተ መጻሕፍት የአምቡላንስ ጓዱን መዛግብትና የብዙ አባላትን የግል ወረቀት ይዟል። በሊድስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘውን ስብስብ የጀመረው ፒተር ሊድል የተባለው የታሪክ መምህር ነው፤ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ካዩት ሰዎች ደብዳቤና ማስታወሻ እየለመነ፣ ድምፃቸውንም በቴፕ እየቀዳ ያጠራቀመው ስብስብ በ1988 ወደ ዩኒቨርሲቲው ገባ። በዚያ የወታደሩና የኅሊና ተቃዋሚው ወረቀት በአንድ ጣሪያ ሥር መቀመጡን እንደ ትልቅ ማስተዋል እቆጥረዋለሁ፤ አንዱን ያለ ሌላው ማንበብ የዘመኑን ግማሽ ብቻ ማየት ነው። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የሚገኘው የስዋርትሞር ኮሌጅ የሰላም ስብስብ ደግሞ የተመሠረተው በ1930 ገደማ ጄን አዳምስ ስለ ሰላም ያሰባሰበቻቸውን ወረቀቶች ለኮሌጁ ስትሰጥ ነው፤ እሷም በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝታለች።

ባለሙያዎቹ በእነዚህ ሣጥኖች ላይ ምን ይሠራሉ?

የመጀመሪያው ሥራቸው አለመነካካት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አባታቸው የሞቱባቸው ልጆች ሣጥናቸውን ሲከፍቱ የቤት ካርታው ውስጥ የአንድ ሰው ፎቶግራፍና የብድር ውል ተጣጥፈው ቢያገኙ፣ ሦስቱ አብረው መገኘታቸው ራሱ አንድ ነገር ይነግራቸዋል፤ ፎቶውን ለፎቶዎች አልበም፣ ውሉን ለፋይል ቢለያዩአቸው ግን ያ ነገር ሊመለስ በማይችል ሁኔታ ይጠፋል። የመዛግብት ሙያም በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ የአንድ ሰው ወረቀት ከሌላ ሰው ወረቀት ጋር አይደባለቅም፤ ባለቤቱ ያስቀመጠበት ቅደም ተከተልም እስከ ተቻለ ድረስ አይፈርስም።

ከዚያ በኋላ ዝገት የያዛቸው መርፌ ቁልፎችና ሽቦዎች ይነቀላሉ፤ ወረቀቶቹም አሲድ በሌለው ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ዘመን የነበረው ርካሽ ወረቀት ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ በውስጡ ያለው አሲድ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራልም። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሣጥንና ፋይል ምን እንደያዘ የሚገልጽ ማውጫ ይዘጋጃል። ማውጫ የሌለው ስብስብ ለተመራማሪ እንደሌለ ነው፤ በብዙ ቦታ ብዙ ዓመት የሚወስደውም ይኸው ሥራ ነው።

ኢትዮጵያ በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ አለች?

አለች፣ ያውም በሰፊው። በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተቀበረችው ሲልቪያ ፓንክረስት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ እናቷና እኅቷ ጦርነቱን ሲደግፉ እሷ የተቃወመች ሴት ናት። በምሥራቅ ለንደን የድሆች ሠፈር ያለ ትርፍ በዋጋው ምግብ የሚሸጥበት ቤት ከፈተች፤ ጠመንጃ ሠሪዎች የሚል ስም የነበረውን መጠጥ ቤት ተከራይታ የሕፃናት መዋያና ክሊኒክ አደረገችው፤ ባሎቻቸው ዘምተው አበል ለቀረባቸው ሴቶችም ትሟገት ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ግን በግንቦት 1936 ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ጀመረችና ለ20 ዓመት አዘጋጀችው። በመጨረሻም በ1956 ወደ አዲስ አበባ መጥታ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 1960፣ ኖረች።

ወረቀቶቿ በዋናነት የሚገኙት በአምስተርዳም በዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም ነው። ተቋሙ በ1935 ሲመሠረት ከፋሺዝም የሚሸሹ ንቅናቄዎችን መዛግብት ከመጥፋት ማዳንን ዓላማው ያደረገ ነበር። ሲልቪያ በ1916 የግዴታ ውትድርናን ስትቃወም፣ በ1936 ደግሞ ለተወረረች አገር መታገልን ስትደግፍ የሚያይ አንባቢ አቋሟን ለወጠች ወይስ አልለወጠችም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን መፈለግ የሚቻለው ሌሎች ስለ እሷ ባሉት ሳይሆን በራሷ ደብዳቤዎችና ረቂቆች ነው።

ከ1942 ጀምሮም የወዳጆች አምቡላንስ ጓድ አባላት ኢትዮጵያ ገብተው በሆስፒታሎችና በክሊኒኮች አገልግለዋል። ከዚያ በፊት በወረራው ዘመን የመጡት የቀይ መስቀል ቡድኖች ፓሲፊስት ባይባሉም፣ የእርዳታ ሠራተኛ ወረቀት ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳዩናል። ታኅሣሥ 30 ቀን 1935 የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ በመልካ ዲዳ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። በሕክምና ላይ የነበሩት ሰዎች በመርዝ ጋዝ የተቃጠለ የሰው ገላ አይተው ጽፈዋል። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በ1936 ማስረጃ በጠየቀ ጊዜ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ገለልተኛነቴን ይነካል በሚል የያዘውን ሳይሰጥ ቀረ። የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ በጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። በእነዚያ 60 ዓመታት እውነቱ እንዳይካድ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የሐኪሞቹ ሪፖርትና ደብዳቤ ነው።

ወረቀቶቹ የማይነግሩን ምንድን ነው?

ብዙ ነገር። ደብዳቤ የሚተርፈው ጸሐፊው ማንበብና መጻፍ ሲችል፣ ቤተሰቡም የሚያስቀምጥበት ቦታ ሲኖረው ነው፤ ስለዚህ የተማሩትና ኑሮ የደላቸው ሰዎች ድምፅ ከፋብሪካ ሠራተኞቹ ድምፅ ይልቅ ጎልቶ ይሰማል። በሳንሱር ያለፈ ደብዳቤ የተባለውን እንጂ ያልተባለውን አያሳይም። ከ40 ዓመት በኋላ የተጻፈ የሕይወት ታሪክም በዚያው ሳምንት ከተጻፈ ማስታወሻ ጋር እኩል አይመዘንም፤ ሰው ትዝታውን ሳያውቀው ያስተካክላልና።

ትልቁ ክፍተት ግን በእርዳታ ወረቀቶች ላይ ነው። እርዳታ ሰጪው ይጽፋል፣ ይቆጥራል፣ ፎቶግራፍ ያነሣል። ተቀባዩ የሚገኘው በቁጥር ወይም ስሙ ባልተጻፈ ፎቶግራፍ ነው። በ1921 ጀርመን ውስጥ ሾርባ የተቀበለች ልጅ ምን እንዳሰበች ከስንቅ ዝርዝሩ አናገኝም፤ በኢትዮጵያ ክሊኒኮች የታከመው ሰው ቃልም እንዲሁ በእንግሊዛዊው ሐኪም ብዕር ተላልፎ ነው የሚደርሰን። ጠንቃቃ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ወረቀት ሲያነብ የተረጂውን ድምፅ በሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በቃል ታሪክና በአካባቢ መዛግብት፣ ይፈልጋል።

ማንም ሰው ገብቶ ሊያያቸው ይችላል?

በአብዛኛው አዎን። የሚድልሴክስ ችሎት ከ11,000 በላይ ጉዳዮች በብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ በስም ይፈለጋሉ፤ ከእነዚህ በኅሊና ምክንያት የቀረቡት ግን ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በሕመም፣ በቤተሰብ ችግርና በሥራ ምክንያት የቀረቡ ናቸው። የአምስተርዳም፣ የስዋርትሞርና የሊድስ ማውጫዎችም በኢንተርኔት ይነበባሉ። በአካል የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ማውጫውን አይቶ የሣጥኑን ቁጥር ይጠይቃል፤ በንባብ ክፍሉ ውስጥ ከእርሳስ በቀር ብዕር አይገባም፤ በአንድ ጊዜም አንድ ፋይል ብቻ ይከፈታል። በሕይወት ስላሉ ሰዎች ሕመም ወይም የግል ጉዳይ የሚያወሱ ፋይሎች ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግተው ሊቆዩ ይችላሉ።

ማየትና ማሳተም ግን የተለያዩ ናቸው። ደብዳቤው እንደ ዕቃ የተቀባዩ ወይም የቤተ መዛግብቱ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ጽሑፍ የቅጂ መብት የጸሐፊውና የወራሾቹ ነው። በብሪታንያ ሕግ ከ1969 በፊት የሞተ ሰው ጽፎት ሳይታተም እስከ 1989 የቆየ ደብዳቤ መብቱ የሚያበቃው በ2039 መጨረሻ ነው። በመሆኑም በ1916 ከእስር ቤት የተላከን ደብዳቤ ሙሉ ቃሉን በመጽሐፍ ለማተም የሚፈልግ ሰው ዛሬም የጸሐፊውን ወራሾች ፈልጎ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ቤተ መዛግብቱ አድራሻቸውን ካወቀ ጥያቄውን ያስተላልፍለታል።